ካታሊስት አያልቅም ተብሎ አልነበር እንዴ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ባለፈው ዕትም የኬሚካል ፋብሪካዎች ፕላቲነምን፣ ፓላዲየምንና ኒኬልን በካታሊስትነት ደጋግመው እንደሚጠቀሙ በሁለት አንቀጽ ነካ አድርጌ አልፌ ነበር። ማለፍ አልተቻለም፣ ጥያቄው ጎረፈ። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌ ስድስት መርጫለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው፣ ዲግሪ ስል ደግሞ ሴልሺየስ ነው።

ጥያቄ፦ ሰላም ለናንተ። የሁለተኛ ዓመት የኬሚካል ኢንጂነሪንግ ተማሪ ነኝ። መምህራችን ካታሊስት ሪአክሽኑን ያፋጥናል እንጂ ራሱ አያልቅም ብሎናል። ለተግባር ልምምድ የሄድኩበት ፋብሪካ ግን አሮጌውን አውጥተው አዲስ ሲያስገቡ ደረስኩ። ማን ነው የተሳሳተው? (ከተማሪዋ)

መልስ፦ ማንም አልተሳሳተም እህቴ። መምህርሽ የነገረሽ ሰሌዳ ላይ ያለውን ነው። ካታሊስቱ ይገባል፣ ሥራውን ይሠራል፣ እንደገባ ይወጣል። በርዜሊየስ የሚባለው ስዊድናዊ ኬሚስት በ1835 ለዚህ ነገር ካታሊሲስ የሚል ስም ሲያወጣ የገረመውም ይኸው ነበር። ፋብሪካ ውስጥ ግን አንድ የሜታል አተም ይህን ዙር የሚዞረው አንዴ አይደለም፣ ሚሊዮን ጊዜና ከዚያም በላይ ነው። በየዙሩ ኢምንት ነገር ብትበላሽ እንኳ ተጠራቅማ ዋጋ ታስከፍላለች።

በዓይን የሚታይ ምሳሌ ልስጥሽ። ናይትሪክ አሲድ ሲመረት አሞኒያና አየር ተቀላቅለው በሽቦ ወንፊት ውስጥ ያልፋሉ። ወንፊቱ ፕላቲነም ነው፣ ከ5 እስከ 10 በመቶ ሮዲየም የተቀየጠበት። ሽቦው ከ0.1 ሚሊሜትር የቀጠነ ነው፣ እንደ ጨርቅ ተሸምኖ ድርብርብ ሆኖ ይዘረጋል። ሙቀቱ 900 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ ወንፊቱ እንደ ፍም ይቀላል። ጋዙ እላዩ ላይ የሚቆየው ከሴኮንድ አንድ ሺህኛ አካባቢ ነው፣ ሪአክሽኑ በዚያች ቅጽበት ያልቃል። አዲስ ሲገባ ሽቦው ልሙጥ ነው፣ ያብረቀርቃል። ከጥቂት ጊዜ በኋላ በማይክሮስኮፕ ብታዪው ግን ኪንታሮት የወረረው ጣት ይመስላል። ምክንያቱም በዚያ ሙቀት ፕላቲነሙ ከኦክስጅን ጋር እየተጣመረ ጋዝ ሆኖ ይበናል፣ ከፊሉ እዚያው ተመልሶ ሲያርፍ ሌላው ከጋዙ ጋር ይሄዳል።

ታዲያ ምን ይደረጋል? ከፕላቲነሙ ወንፊት ሥር ሌላ የፓላዲየም ወንፊት ይዘረጋል። የሚያመልጠው ፕላቲነም እዚያ ሲደርስ ይያዛል። ሁሉም አይደለም። የቀረው በቱቦውና በታንኩ ውስጥ ከዝገትና ከአቧራ ጋር ይደባለቃል። ስለዚህ ፋብሪካው ለጥገና ቆሞ ታንኩ ሲጠረግ የሚወጣው ዝቃጭ ቆሻሻ መስሎሽ እንዳትንቂው፣ ተለቅሞ ወደ ማቅለጫ ይላካል።

የመጥፋቱ ነገር እንዲህ ነው። ሳይጠፉ መድከምም አለ። አንዱ የካርቦን ቅርሻ ነው። ነዳጅ ማጣሪያ ውስጥ ፕላቲነሙን ጥላሸት ይሸፍነዋል፣ ያኔ ቅርሻውን በጥንቃቄ ያቃጥሉታል። ሌላው የቅንጣቶቹ መጠጋጋት ነው። ሜታሉ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ቅንጣቶች ሆኖ ተበትኖ ሳለ ሙቀት ሲበዛበት ይሰበሰብና ይጎለምሳል፣ የሚሠራው ደግሞ ገጹ ብቻ ስለሆነ ውስጥ የተቀበረው አተም ሥራ ፈት ይሆናል። መዳብ በዚህ በጣም ደካማ ነው። የሚቀልጠው 1085 ዲግሪ ላይ ቢሆንም ሜታኖል የሚያመርቱ ሰዎች ከ300 ዲግሪ በላይ እንዳይወጣ የሚሳሱለት ለዚህ ነው። ሦስተኛው መርዝ ነው፣ በተለይ ድኝ። እሱን ከታች እመለስበታለሁ።

አንድ ነገር ግን ሁሌ ደስ ይለኛል። የፕላቲነምን መጠጋጋት መመለስ ይቻላል። ነዳጅ ማጣሪያዎች ቅርሻውን ካቃጠሉ በኋላ ክሎሪን ያለበት አየር በሙቀት ያሳልፉበታል፣ የተጠጋጋው ፕላቲነም እንደገና ይበተናል፣ ከዚያ በሃይድሮጅን ሜታልነቱን ይመልሱለታል። ከ1971 ጀምሮ ደግሞ ፋብሪካው ሳይቆም ካታሊስቱ እንደ ጠጠር እየተንከባለለ ወጥቶ፣ ታድሶ፣ ተመልሶ የሚገባበት አሠራር አለ።

በተቃራኒው አሞኒያ የሚሠራበት የብረት ካታሊስት አለ። ሀበር የሚባለው ጀርመናዊ ኬሚስት በ1909 ኦስሚየም ሞክሮ ጥሩ ውጤት አግኝቶ ነበር፣ ግን ኦስሚየም በዓለም ላይ ከየት ይመጣል? ቢኤኤስኤፍ በሚባለው የጀርመን ኬሚካል ኩባንያ ሚታሽ የሚባለው ኬሚስት ከነቡድኑ ሺዎች ሙከራ አድርጎ ብረት ላይ አረፈ፣ ትንሽ አሉሚናና ፖታሽ ታክሎበት። ፋብሪካው በ1913 ጀርመን ውስጥ ኦፓው ላይ ሥራ ጀመረ። ያ ብረት በንጹህ ጋዝ ከተያዘ ከአሥር ዓመት በላይ ከሪአክተሩ ሳይወጣ ይሠራል። ርካሽ ነው፣ ዕድሜው ረጅም ነው፣ ስለዚህ ማንም ግራም እየቆጠረ አይከታተለውም።

ጥያቄ፦ የባች ሪአክተር (በየተራ አንድ ሙሌት እየተሞላ የሚሠራ ጋን) ላይ ነው የምሠራው። 5 በመቶ ፓላዲየም ያለበት የከሰል ካታሊስት ለሃይድሮጅኔሽን፣ ማለትም ሃይድሮጅን ለመጨመር፣ እንጠቀማለን። አለቆቻችን «አምስት ጊዜ ይደገም» ብለዋል። በመጀመሪያው ዙር ሁለት ሰዓት የፈጀው በአራተኛው አምስት ሰዓት ይፈጃል። ላብራቶሪው ግን ውጤቱ ያው 99 በመቶ ነው ይላል። እንቀጥል ወይስ እናቁም? (ከሺፍት ኃላፊው)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ላብራቶሪው አልዋሸህም፣ ግን የጠየቃችሁት ጥያቄ የተሳሳተ ነው። 99 በመቶ የሚለው ቁጥር መጨረሻ ላይ የት እንደደረሳችሁ ይናገራል እንጂ ካታሊስቱ እንዴት እንዳለ አይናገርም። አንድ ሪአክሽን በአንድ ሰዓት 99 በመቶ ደርሶ እናንተ ግን ስድስት ሰዓት ብትጠብቁ፣ ካታሊስቱ አራት አምስተኛ ጉልበቱን ቢያጣ እንኳ መጨረሻ ላይ ያው 99 ነው የሚወጣው። «አምስት ጊዜ ደገምነው ምንም አልሆነም» የሚል ወሬ ስሰማ መጀመሪያ የምጠይቀው ስንት ሰዓት ጠበቃችሁ ብዬ ነው። ጥናታዊ ጽሑፎች ላይ ሳይቀር አምስት እኩል ዘንጎች ተደርድረው ታያለህ፣ ሁሉም የተለኩት ሪአክሽኑ ካለቀ በኋላ። እኔ እንዲህ ዓይነት ስዕል ሳይ ገጹን እገልጣለሁ።

አንተ በእጅህ የተሻለ መለኪያ አለህ። ሰዓቱ አለ፣ የሃይድሮጅን አወሳሰዱም አለ። በየባቹ የመጀመሪያውን ሃያ ደቂቃ የሃይድሮጅን ፍሰት መዝግብ። ከባች ባች የሚወርደው እንዴት እንደሆነ ብቻውን ብዙ ይነግርሃል። ቀስ በቀስ እኩል እኩል ከወረደ ወይ ካታሊስቱ በየማጣሪያው እየቀነሰባችሁ ነው፣ ወይ ዝልግልግ ተረፈ ምርት እየሸፈነው ነው። በአንድ ባች ድንገት ገደል ከገባ ግን ጥሬ ዕቃውን ጠርጥር። አዲስ በርሜል ተከፍቶ ይሆናል፣ በውስጡም ድኝ ያለበት ቆሻሻ። ድኝ ፓላዲየም ላይ ሲወጣ ሙጭጭ ነው የሚለው። በመታጠብ አይለቅም፣ ገንዘባችሁን በከንቱ አትጨርሱ።

የሸፈነው ነገር ኦርጋኒክ ከሆነ ግን ሞቅ ባለ ሶልቬንት ማጠብ ይረዳል፣ ምርታችሁ በደንብ የሚሟሟበትን ምረጡ። ብዙ ቦታ የሚሠራው ዘዴ ደግሞ በየዙሩ ትንሽ አሮጌ አውጥቶ ትንሽ አዲስ መጨመር ነው። ፍጥነቱ አይዋዥቅም፣ ሺፍቱም ሰዓቱን ያውቃል። አምስት የሚለውን ቁጥር ግን ማን እንዳመጣው ጠይቁልኝ። የሪአክተሩ ሰዓትም ዋጋ አለው፣ ሦስት ሰዓት ተጨማሪ እያማሰሉ ጥቂት ካታሊስት ማትረፍ ትርፍ ላይሆን ይችላል። ሒሳቡን ሠርታችሁ ሦስት ሊመጣ ይችላል፣ ዘጠኝም ሊመጣ ይችላል።

እግረ መንገዴን ልናገር፣ የደከመ ካታሊስት ሁሌ መጥፎ አይደለም። አዲሱ በጣም ጎበዝ ከመሆኑ የተነሳ የማይፈለገውን ቦታ ሁሉ የሚያጠቃበት ጊዜ አለ። ሊንድላር የሚባል ኬሚስት በ1952 ፓላዲየምን ሆን ብሎ በእርሳስ መርዞ ሪአክሽኑ ግማሽ መንገድ ላይ እንዲቆም አድርጎታል፣ ካታሊስቱ ዛሬም በስሙ ይጠራል።

ደግሞ አደራህን! ካታሊስቱን ፊልተር ላይ አታድርቁት። ሃይድሮጅን የጠጣ የፓላዲየም ከሰል በአየር ላይ ሲደርቅ የሜታኖልን ትነት ራሱ ይለኩሳል። ሁሌ እርጥብ ይሁን፣ ማጣራቱም በናይትሮጅን ሥር ይሁን። ያገለገለው ከአዲሱ የበለጠ አደገኛ ነው፣ ሰው ግን የሚፈራው አዲሱን ነው።

ጥያቄ፦ የራኒ ኒኬል የሚባለው ካታሊስት ለምን ውሃ ውስጥ ተነክሮ ይመጣል? ውሃውን ብናፈሰው ምን ይሆናል?

መልስ፦ ይቃጠላል። ራኒ የተባለው አሜሪካዊ በ1920ዎቹ ያወጣው ዘዴ ነው፦ ኒኬልና አሉሚኒየም ቀልጠው ይቀየጣሉ፣ ከዚያ አሉሚኒየሙ በኮስቲክ ሶዳ ይታጠባል፣ የሚቀረው ኒኬል እንደ ስፖንጅ የተቦረቦረ ነው፣ በየቀዳዳውም ሃይድሮጅን ያዘለ። አየር ሲያገኝ ይግላል፣ ይቀጣጠላል።

ይህን ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም የማውቀው። ጀማሪ ሳለሁ በሠራሁበት ቦታ አንዱን የማጣሪያ ወረቀት «ታጥቧል እኮ» ብዬ ደረቅ ቆሻሻ ውስጥ ጣልኩት። ወረቀቱ ላይ የቀረው ግራጫ ስስ ሽፋን ነበር፣ ጥፍር የሚያክል ቦታ እንኳ በቅጡ አልሸፈነም። ዕቃ አጥቤ ስመለስ ቅርጫቱ ይጨሳል። እሳቱ ትንሽ ነበር፣ የደረሰብኝ ቁጣ ግን ትንሽ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ኒኬል የነካ ወረቀት ሁሉ ውሃ ያለበት ባልዲ ውስጥ ነው የሚገባው።

ሌላም አለ። ኒኬልና ካርቦን ሞኖክሳይድ በዝቅተኛ ሙቀት ከተገናኙ ኒኬል ካርቦኒል የሚባል ጋዝ ይፈጠራል። ሞንድ የሚባል ኬሚስት በ1890 ያገኘው ነው፣ 43 ዲግሪ ላይ ይፈላል፣ እጅግ መርዛም ነው። ስለዚህ ጋዝ የሚያመርት ሪአክተር ሲቀዘቅዝ ካርቦን ሞኖክሳይዱ አስቀድሞ ይጠረጋል፣ ከዚያ በኋላ ነው አሮጌው የኒኬል ካታሊስት የሚነካው። እዚህ ላይ ቀልድ የለም።

ጥያቄ፦ ካታሊስታችን ጠጣር ነው። ሪአክሽኑ ሲያልቅ እናጣራለን፣ ፈሳሹ ጥርት ብሎ ይወጣል። ታዲያ ምርቱ ውስጥ ሜታል የለም ብለን መጻፍ አንችልም? (ከጥራት ክፍል)

መልስ፦ አትችሉም። ፈሳሹ ጥርት ማለቱ የሚናገረው ጠጣር እንዳልቀረ ብቻ ነው። የሟሟ ሜታል በዓይን አይታይም።

ፓላዲየም በተለይ አታላይ ነው። ሁለት የካርቦን ቁራጮችን በሚያገጣጥሙት ሪአክሽኖች፣ የ2010ሩን የኬሚስትሪ ኖቤል ለሄክ፣ ለኔጊሺና ለሱዙኪ ባስገኙት ማለት ነው፣ ከሰሉ ላይ የተቀመጠው ፓላዲየም ብዙ ጊዜ ሥራውን የሚሠራው እዚያው ተቀምጦ አይደለም። ሪአክሽኑ ሲሞቅ ይሟሟና ፈሳሹ ውስጥ ገብቶ ይሠራል፣ ጥሬ ዕቃው ሲያልቅ ተመልሶ ከሰሉ ላይ ያርፋል። እናንተ ቀዝቅዞ፣ አልቆ፣ ሁሉም ቤቱ ከገባ በኋላ ታጣሩና «ከቦታው አልተነቃነቀም» ትላላችሁ።

መፈተሻ መንገዱ ቀላል ነው። ሪአክሽኑ ግማሽ ላይ ሲደርስ፣ ገና ትኩስ ሳለ፣ ሙቀቱ ሳይወርድ ትንሹን አጣሩና ያለ ካታሊስት ማማሰሉን ቀጥሉ። ፈሳሹ ብቻውን ሥራውን ከቀጠለ ሜታሉ ውስጡ አለ ማለት ነው። ሥራውን ቢያቆምም ሙሉ ማረጋገጫ አይደለም፣ በማጣራቱ ሰዓት ተመልሶ አርፎ ሊሆን ይችላልና። ዞሮ ዞሮ ምርቱን ለሜታል ማስመርመር ግድ ነው።

ምርታችሁ የመድኃኒት ጥሬ ዕቃ ከሆነ ደግሞ ጉዳዩ የምርጫ አይደለም። አይሲኤች ኪው3ዲ የተባለው ዓለም አቀፍ መመሪያ በአፍ ለሚወሰድ መድኃኒት የፓላዲየምን ጣሪያ በቀን 100 ማይክሮግራም አድርጎታል። በቀን 10 ግራም ለሚወሰድ መድኃኒት 10 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 10 እጅ) ማለት ነው፣ 1 ግራም ለሚወሰድ 100 ፒፒኤም። ከዚያ በላይ ከሆነ ሜታል በሚለቅም ሬዚን ወይም ሲሊካ ውስጥ ማሳለፍ አለባችሁ፣ እሱም ወጪ ነው። ይህን የሚያነሱት ሰዎች ጥቂት ናቸው፦ ካታሊስቱን ስትደጋግሙት ቆሻሻው አብሮ ይደጋገማል። የአንደኛው ባች ተረፈ ምርት ከሰሉ ውስጥ አድሮ በሦስተኛው ባች ብቅ ይላል። ስለዚህ ለጥራት ክፍል «ስንተኛ ዙር ነው» የሚለው መረጃ በየባቹ መዝገብ ላይ መጻፍ አለበት። ከሰማችሁኝ ፓላዲየሙን ብቻ ሳይሆን ይህንንም ፈትሹ።

ጥያቄ፦ ካታሊስቱ ፈሳሽ ውስጥ የሚሟሟ ከሆነስ? ያን በምን ያጣሩታል? ሮዲየም እንደዚያ ነው ሲባል ሰምቼ ገረመኝ።

መልስ፦ አያጣሩትም። ዋናው ብልሃትም ካታሊስቱ ከመጀመሪያው እንዳይወጣ ማድረግ ነው። ከሁሉ የምወደውን ልንገርህ። ጀርመን ውስጥ ኦበርሃውዘን ላይ ከ1984 ጀምሮ ፕሮፒሊንን፣ ካርቦን ሞኖክሳይድንና ሃይድሮጅንን አገናኝተው ቡታናል የሚባል ፈሳሽ ያመርታሉ፣ ካታሊስቱ ሮዲየም ነው። ሮዲየሙን የያዘው ሊጋንድ፣ ማለትም ሜታሉን ዙሪያውን አቅፎ የሚይዘው ሞሌኪውል፣ ጨው የሚመስል ጭራ ተቀጥሎበት ውሃ ውስጥ ብቻ እንዲሟሟ ተደርጓል። ምርቱ ደግሞ ዘይትነት ስላለው ከውሃ ጋር አይስማማም። ሪአክተሩ ውስጥ በኃይል ይማሰላሉ፣ ወጥተው ሲረጉ ለሁለት ይለያሉ፣ ላይኛው ምርት ነው፣ ታችኛው ውሃ ከነሮዲየሙ ተመልሶ ይገባል። ከምርቱ ጋር የሚያመልጠው ሮዲየም ከቢሊዮን ጥቂት እጅ ነው። ወረቀት የለም፣ ጨርቅ የለም፣ ማድረቅ የለም። ብቻ ለሁሉ አይሆንም፦ ፕሮፒሊን ትንሽም ቢሆን ውሃ ውስጥ ይገባል፣ ረጃጅሞቹ ሞሌኪውሎች ግን ውሃውን ጭራሽ አይጠጉትም፣ ሪአክሽኑም ይጎተታል።

ሌላው መንገድ ምርቱን በትነት ማውጣት ነው። ሞንሳንቶ የሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1970 በጀመረው የአሴቲክ አሲድ አሠራር ሮዲየሙ ፈሳሹ ውስጥ ይቀራል፣ አሲዱ ተንኖ ይወጣል። ችግሩ የሚመጣው ግፊቱ በሚቀንስበት ጋን ውስጥ ነው። እዚያ ካርቦን ሞኖክሳይዱ ሲያንስ ሮዲየሙ ይፈራና ጠጣር ሆኖ ይዘቅጣል። እሱን ለማባበል ብዙ ውሃ ይጨምራሉ፣ ያንን ውሃ ቆይቶ ከአሲዱ ለመለየት ደግሞ ብዙ ሙቀት ይበላል። ቢፒ የሚባለው የእንግሊዝ ኩባንያ በ1996 ወደ ኢሪዲየም የዞረበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፣ ኢሪዲየም በትንሽ ውሃም ሳይዘቅጥ ይቆያል።

ጥያቄ፦ ሞልቶ የተጠራቀመ አሮጌ የፓላዲየም ከሰል ለሜታል አጣሪ ድርጅት ልከን ነበር። የገዛነው 10 ኪሎ፣ 5 በመቶ የሚል ነው፣ ስለዚህ 500 ግራም ፓላዲየም ጠብቀን የታሰበልን 218 ግራም ብቻ ነው። ተሰርቀናል? (ከአንድ ምርት ክፍል ኃላፊ)

መልስ፦ ጌታዬ፣ ከመክሰስዎ በፊት የመጀመሪያውን የግዢ ወረቀት አውጥተው ያንብቡ። የፓላዲየም ከሰል አብዛኛውን ጊዜ ግማሽ በግማሽ ውሃ ይዞ ነው የሚሸጠው፣ ለደህንነት ሲባል። 5 በመቶ የሚለው ደግሞ በደረቁ ክብደት ነው የሚሰላው። 10 ኪሎ እርጥብ ካታሊስት ደረቁ 5 ኪሎ ነው፣ የ5 ኪሎ 5 በመቶ 250 ግራም ነው። 500 የሚባል ነገር ድሮም አልነበረም።

ስለዚህ የጠፋው 282 ግራም አይደለም፣ 32 ግራም ነው። እሱም ቢሆን ቀላል አይደለም፣ ከስምንት አንድ ገደማ ነው። ከአጣሪው በፊት ግን የራስዎን ግቢ ይፈትሹ። የፊልተር ጨርቆቹን የት ጣላችኋቸው? ከሰሉ ጨርቁ ክር ውስጥ ይገባል፣ አጣሪዎች ጨርቁንም ከነጭራሹ ተቀብለው ያቃጥላሉ። የሪአክተሩ ታች ያለው ቧንቧ ክርን ተፈቶ ታይቶ ያውቃል? ከማጣሪያው ያመለጠው ደቃቅ ዱቄት ከምርቱ ጋር አልሄደም? ከላይ ለጥራት ክፍል የመለስኩትን ያንብቡልኝ፣ ከፊሉ በፈሳሹ ሟሙቶም ሊሆን ይችላል።

ለሚቀጥለው ጊዜ ደግሞ በርሜሉ ሲላክ ናሙና አወሳሰዱ ላይ ሰው ይኑርዎት። ያገለገለ ከሰል አንድ ወጥ አይደለም፣ ከላይ የደረቀ፣ ከታች ጭቃ የሆነ ነው። አንድ ማንኪያ ከላይ አንስቶ መርምሮ የሁሉንም መገመት ለሁለታችሁም አይበጅም። ጠንቃቃ አጣሪ ሁሉንም አቃጥሎ፣ አመዱን ፈጭቶና አደባልቆ ነው ናሙና የሚወስደው፣ ከዚያ ናሙናው ይከፋፈላል፣ አንዱ ለእሱ፣ አንዱ ለእርስዎ፣ አንዱ ታሽጎ ካልተስማማችሁ ለሦስተኛ ላብራቶሪ ይቀመጣል። ውሉ ላይ ይህ ከሌለ ይጨመር። ለእያንዳንዱ ዙርም የገባውንና የወጣውን ግራም በደረቅ ክብደት የሚጽፍ አንድ ደብተር ይክፈቱ፣ ኮምፒውተር ላይ ቢሆንም ግድ የለም። የሚቀጥለው ሒሳብ ሲመጣ ያን ደብተር ይዘው ቢጽፉልኝ የጎደለውን ግራም አብረን እንፈልገዋለን።